የደበዘዘው ፊልምና የጠራው ውሸት

ዲሴምበር 1988 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ሰዓቶቹ ግን በእኛ ናቸው። አትላንቲስ የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር አምስት ሰዎችንና አንድ የሚስጥር ወታደራዊ ጭነት ይዛ ከፍሎሪዳ ተነሳች። ገና አንድ ደቂቃ ተኩል ሳይሞላት ከጎኗ ከታሰሩት ሮኬቶች ከአንደኛው አናት ላይ ቁራጭ ነገር ተገንጥሎ መታት። ምቱን የምድር ካሜራዎች ቀርጸውት ስለነበር ሒውስተን ያሉት ተቆጣጣሪዎች ጠፈርተኞቹን፣ በሮቦት ክንዳችሁ ጫፍ ያለውን ካሜራ ዘርግታችሁ ሆዷን ቃኙ አሏቸው።

አዛዡ ሮበርት ጊብሰን በስክሪኑ ያየው አስደነገጠው። ከእሳት የሚጠብቃቸው ጥቁር ንጣፍ ተፋፍቆ ነጭ ነጩ ይታያል። ምስሉን ወደ ምድር ላከ። ነገር ግን ተልዕኮው ሚስጥር ነውና ምስሉ ሒውስተን የደረሰው በሚስጥር ኮድ ተቆልፎ፣ ጥራቱ ወርዶ ነው። እዚያ ያሉት ባለሙያዎች የደበዘዘውን ምስል አገላብጠው አዩና የብርሃንና የጥላ ጨዋታ ነው፣ አያሳስብም አሉ። ጊብሰን ኋላ እንደተናገረው ሲመለሱ የሚሞቱ መስሎት ነበር።

በሰላም አረፉ። መሐንዲሶች ከሥሯ ገብተው ሲቆጥሩ ከ700 በላይ ንጣፎች ተጎድተዋል፤ አንደኛው ጨርሶ የለም። ያ ንጣፍ የነበረበት ቦታ ከበስተጀርባው ለአንቴና የተሠራ ወፍራም ብረት ስለነበረው እሳቱ አልበሳውም። እድል ነው እንጂ ሌላ ምንም አይደለም።

የሴራ ተንታኞች የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ምስል ይደብቃል ይላሉ። ስለ ጠፈር አደጋ የሚነዛ ወሬ በሰማሁ ቁጥር እኔን ትዝ የሚለኝ ግን ይህ የአትላንቲስ ጉዞ ነው። የናሳ ሰዎች ያኔ ምስሉ እጃቸው ገብቶ ሳለ ማየት አልቻሉም። ከ14 ዓመት በኋላ ደግሞ ማየት አልፈለጉም።

ኮሎምቢያ ከመንኮራኩሮቹ ሁሉ ታላቅ ነበረች፤ ከሁሉ ቀድማ በኤፕሪል 1981 ወደ ጠፈር የወጣችው እሷ ናት። ጃንዋሪ 16 ቀን 2003፣ እኛ አገር ለጥምቀት ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ለ28ኛ ጊዜ ተነሳች። አዛዧ ሪክ ኸዝባንድ፣ አብራሪዋ ዊልያም ማኩል ነበሩ። ማይክል አንደርሰን፣ ዴቪድ ብራውን፣ ሎረል ክላርክ፣ በሕንድ ተወልዳ ያደገችው ካልፓና ቻውላ፣ እንዲሁም የመጀመሪያው እስራኤላዊ ጠፈርተኛ ኢላን ራሞን አብረው ተሳፍረዋል። የራሞንን ስም አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ ወሬው ሁሉ የሚጠነጠነው በእሱ ዙሪያ ነው።

በተነሳች በ82ኛው ሴኮንድ ግድም፣ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሳለች፣ ከትልቁ የነዳጅ ታንክ ላይ የፎም ቁራጭ ተገነጠለ። ፎሙ ታንኩን ከበረዶ ለመጠበቅ በላዩ የሚረጭ፣ ፍራሽ ውስጥ ካለው ስፖንጅ ጠንከር ያለ፣ ግን እንደ እሱ የቀለለ ነገር ነው። ቁራጩ አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም። እንዲህ ያለ ቀላል ነገር ምን ይጎዳል? ብዙዎች ያኔ ያሉት ይህንኑ ነው። ነገር ግን ፎሙ ቀላል በመሆኑ አየሩ ወዲያው ይዞ ያስቀረዋል፤ መንኮራኩሯ ግን ከድምፅ እጥፍ በላይ እየፈጠነች ከኋላው ትመጣለች። ክንፏ ነው ፎሙ ላይ የደረሰው፤ በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር በሚሆን የፍጥነት ልዩነት።

በማግስቱ የምስል ባለሙያዎቹ ፊልሞቹን ሲያጥቡ ምቱን አገኙት። ከግራ ክንፍ ሥር ነጭ ብናኝ ቦግ ብሎ ይጠፋል፤ በቃ፣ የሚታየው ይህ ነው። የትኛውን የክንፉን ክፍል እንደመታ፣ ይብሳው አይብሳው አይለይም። የተሻለ ሊያሳይ ይችል የነበረ አንድ ካሜራ ፎከሱ ተበላሽቶ ደብዛዛ ነገር ነው የቀረጸው። ያም ሆኖ ባለሙያዎቹ ደነገጡ፤ እንዲህ ያለ ትልቅ ቁራጭ መንኮራኩር ሲመታ አይተው አያውቁም።

ፊልሙ የማይነግር ከሆነ ሌላ ፎቶ ማንሳት ነዋ! የአሜሪካ ጦር ጠፈር ላይ ያለ መንኮራኩር ማንሳት የሚችሉ ሳተላይቶችና ቴሌስኮፖች ነበሩት። ኮሎምቢያን እንዲያነሱላቸው ከመሐንዲሶቹ ወገን ሦስት ጊዜ ተጠየቀ። የተልዕኮው አስተዳደር ቡድን መሪ ሊንዳ ሃም ጥያቄው ከማን እንደመጣ አጣርታ፣ በይፋ የጠየቀ የለም በሚል ሰረዘችው። ሮድኒ ሮቻ የተባለ የናሳ መሐንዲስ በዚያው ሰሞን ውሳኔው ስህተትና አደገኛ ነው የሚል ኢሜይል ጻፈ፤ አትሞም ለባልደረባው አሳየ። አለቆቹን አልፎ መላክ ግን አልደፈረም።

አንድ ነገር በዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። መሐንዲሶቹ ፎቶ የፈለጉት አደጋ መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ነው። ፎቶውን ለማግኘት ደግሞ አደጋ መኖሩን አስቀድመው እንዲያስረዱ ይጠበቅባቸው ነበር። እዚህ ውስጥ የተማከረ ሴራ የለም። ያለው በየቢሮው የምናውቀው ነገር ነው፦ ስብሰባ፣ ማዕረግ፣ ይሉኝታ፣ እና «እስከ ዛሬ ምን ሆነ?» የሚል ልማድ። ፎም ከዚያ በፊትም ይወድቅ ነበር። ገና ሦስት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ በኦክቶበር 2002፣ ከዚያው ቦታ ተገንጥሎ የአትላንቲስን ሮኬት መትቶ ነበር፤ በረራው ግን አልቆመም።

ጉዳቱን ለመገመት የተጠቀሙበት የኮምፒውተር ስሌትም የተሠራው ለጥቃቅን ቁርጥራጮች ነበር። የኮሎምቢያው ቁራጭ ስሌቱ ከተፈተነባቸው በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል። ውጤቱ ግን በስብሰባ ላይ ሲቀርብ የሚያስፈራ አልመሰለም።

ጃንዋሪ 23 ከሒውስተን ለኸዝባንድና ለማኩል ኢሜይል ተላከ። ፎም ክንፋችሁን መትቶ ነበር፣ አያሳስብም፣ ጋዜጠኛ ቢጠይቃችሁ እንድታውቁት ያህል ነው የሚል መንፈስ ያለው ነበር። የምቱ አጭር ቪዲዮም ደረሳቸው። የሞታቸውን ምክንያት በስክሪን አይተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ጃንዋሪ 28 ኸዝባንድና ጓዶቹ ቀደም ብለው ያለፉትን ጠፈርተኞች በኅሊና ጸሎት አሰቡ። ያ ቀን ቻሌንጀር የተባለችው መንኮራኩር በ1986 ሰባት ሰዎች እንደያዘች ከተነሳች በ73 ሴኮንድ የጠፋችበት ነው። ስለ ቻሌንጀርም ጠፈርተኞቹ አልሞቱም፣ ስማቸውን ቀይረው ይኖራሉ የሚል ወሬ በኢንተርኔት ሲዞር ኖሯል፤ ማስረጃ ተብሎ የሚቀርበው የመልክ መመሳሰል ነው። የጠፈርተኞቹ ክፍል ግን በዚያው ዓመት ማርች ላይ ከአትላንቲክ ወለል ከነአስከሬናቸው ወጥቷል። ከዚህ በላይ በዚህ ወሬ ላይ ቀለም አላባክንም።

ፌብሩዋሪ 1 ቅዳሜ ነበር፤ በእኛ ጥር 24 ቀን 1995 ዓ.ም.። ኮሎምቢያ በፍሎሪዳ ሰዓት ከጠዋቱ 3፡16 ላይ እንድታርፍ ቀጠሮ ተይዟል። 2፡44 ላይ ከፓስፊክ ውቅያኖስ በላይ አየሩን መንካት ጀመረች። 2፡54 ላይ የግራ ክንፏ የሙቀት መለኪያዎች አንድ በአንድ ዝም አሉ፤ ቀጥሎም የግራ ጎማዎቿ ግፊት ጠፋ። ኸዝባንድ ከሒውስተን ለደረሰው መልእክት መልስ ሊሰጥ ጀምሮ ቃሉ መካከል ላይ ተቆረጠ። 2፡59 ከ32 ሴኮንድ ነው። ለጥቂት ደቂቃዎች የቁጥጥር ክፍሉ ኮሎምቢያን መጥራቱን ቀጠለ። ወሬው የደረሳቸው ከመሣሪያዎቻቸው አልነበረም፤ በቴሌቪዥን ቴክሳስ ሰማይ ላይ ብዙ ሆኖ የሚሄድ ብርሃን ያየ ሰው ስልክ ደውሎ ነው። የበረራው ኃላፊ ሊሮይ ኬን በሮቹ እንዲዘጉ አዘዘ። በዚያ ክፍል ይህ ትእዛዝ ማንም እንዳይወጣ፣ መረጃ ሁሉ እንዲጠበቅ ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ 11 ሰዓት ሆኗል።

ስብርባሪው ገና መሬት ሳይነካ ወሬው ተወለደ ማለት ይቻላል። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ወቅቱን ማስታወስ ነው። አሜሪካ ኢራቅን ልትወጋ ጦሯን እያሰለፈች ነበር፤ ጦርነቱ ሊጀመር ሰባት ሳምንት እንኳ አልቀረውም። ራሞን ደግሞ በ1981 የኢራቅን የኑክሌር ማብላያ ከደበደቡት የእስራኤል አብራሪዎች አንዱ ነበር። ስብርባሪው ካረፈባቸው የቴክሳስ ከተሞች አንዷ ስሟ ፓለስታይን ነው፤ በእኛ አፍ ፍልስጤም ማለት። እስራኤላዊ፣ ኢራቅ፣ ፍልስጤም! ለሴራ ተንታኝ ከዚህ የሚጥም ነገር የት ይገኛል? ሽብር ነው ያለ አለ፤ ሚሳይል ነው ያለ አለ፤ የእግዚአብሔር ቁጣ ነው ያለም አልታጣም። የአሜሪካ መንግሥት በዚያው ቀን ሽብርን የሚያመለክት ነገር እንደሌለ ተናገረ። መንኮራኩሯ የተበታተነችው 61 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ከድምፅ 18 እጥፍ በላይ እየፈጠነች ነው፤ ከትከሻ ላይ የሚተኮስ ሚሳይል እዚያ አይደርስም። ግን ቁጥር ለወሬ ጥርስ የለውም።

ምስሎቹ ደግሞ ቀጠሉ። ራሞን ከጠቅላይ ሚኒስትር አሪየል ሻሮን ጋር ከጠፈር ሲነጋገር ከተላለፈው ቪዲዮ አንድ ፍሬም ተቆርጦ ወጣና ክንፉ ላይ ስንጥቅ ይታያል ተባለ። የሚታየው ክንፍ አልነበረም፤ የጭነት ክፍሉ የሙቀት መከላከያ ልብስ ስፌትና እጥፋት ነው። ለነገሩ የተመታው የክንፉ ጠርዝ ከመንኮራኩሯ ከየትኛውም መስኮት አይታይም።

ከሁሉ የገነነው ግን በኢሜይል የተቀባበሉት ተከታታይ ፎቶ ነው፤ ዛሬ በቴሌግራም እንደምንቀባበለው። የእስራኤል ሳተላይት ያነሳው ነው ይላል። መንኮራኩር በጥቁር ሰማይ ላይ፣ ከቅርብ፣ ጥርት ባለ ምስል ስትፈነዳ፣ ብርቱካናማ እሳት ስትተፋ ያሳያል። ስንቱ አለቀሰበት። የእስራኤል መባሉ አስተዋይ ያሳስታል፤ ሰውዬው እስራኤላዊ ነውና አገሩ ብትከታተለው ምን ይገርማል ያሰኛል። ጎበዝ ውሸት ሁልጊዜ አንድ እግሩን እውነት ላይ ያቆማል። ፎቶዎቹ በ1998 ከወጣው «አርማጌዶን» ከተባለው የሆሊውድ ፊልም መጀመሪያ የተቆረጡ ነበሩ። በፊልሙ የምትፈነዳዋ መንኮራኩር ስሟ ማን ቢባል፣ አትላንቲስ።

ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይላል የአገራችን ሰው። መላው እዚህ ላይ ከባድ አልነበረም። ካሜራው የት ቆሞ ነው ያነሳው? ኮሎምቢያ የጠፋችው ገና አየር ውስጥ፣ በጠዋት ሰማይ ላይ ነው፤ ከጎኗ የሚሄድ ማንም የለም። በዚያ ቀን ከምድር የተነሱ እውነተኛ ምስሎች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ከሩቅ የሚታይ የሚነጣጠል ብርሃን።

መርማሪዎቹ ሥራ የጀመሩት በእነዚሁ ከሩቅ በተነሱ ብርሃኖች ነው። በአድሚራል ሃሮልድ ጌማን የሚመራ አጣሪ ቦርድ ተቋቋመ፤ ናሳም ሕዝቡ የቀረጸውን እንዲሰጥ ለመነ። ከካሊፎርኒያ እስከ ቴክሳስ በየጓሮው ማለዳ የተነሱ ሰዎች ካሴታቸውን ላኩ። የአፓቺ ሄሊኮፕተር በረራ ላይ የነበሩ ወታደሮች የቀረጹትም ነበር። ባለሙያዎቹ የእያንዳንዱን ቀራጭ መቆሚያ ከካርታ፣ ሰዓቱን ከበረራው መስመርና ከሰማዩ ጋር እያመሳከሩ ቪዲዮዎቹን በሴኮንድ ደረደሯቸው። ያን ጊዜ ታወቀ፤ ኮሎምቢያ ገና ካሊፎርኒያ ላይ ሳለች ቁርጥራጭ እየጣለች ነበር። ናሳ ይደብቃል የሚሉት ሰዎች ባሉበት አገር፣ ናሳን ያስተማረው የጎረቤት የእጅ ካሜራ ሆነ።

አጠራጣሪ ምስል ሲገኝም አልጣሉትም፤ መረመሩት። ኒው ሜክሲኮ በሚገኘው የከርትላንድ አየር ኃይል ሰፈር የተነሳ አንድ ፎቶ በግራ ክንፏ ጠርዝ ላይ ወጣ ያለ ነገር ያሳይ ነበር። ወዲያው በሰፈሩ ሚስጥራዊ ግዙፍ ቴሌስኮፕ የተነሳ ነው ተባለ። እውነቱ የሚያስቅ ነው፤ የሰፈሩ ባለሙያዎች በትርፍ ጊዜያቸው በትንሽ የገበያ ቴሌስኮፕና ባረጀ የማኪንቶሽ ኮምፒውተር ነው ያነሱት።

ሌላው የሳን ፍራንሲስኮው ፎቶ ነው። አንድ ትርፍ ጊዜውን ኮከብ በመመልከት የሚያሳልፍ ሰው 2፡53 አካባቢ ያነሳው ምስል ላይ እንደ ቡሽ መክፈቻ የተጠማዘዘ ሐምራዊ መስመር የኮሎምቢያን ጭራ ሲቀላቀል ይታያል። ሰውዬው ወሬ ነጋዴ አልነበረም፤ ካሜራውን ጭምር ለናሳ አስረክቧል። ውጭ ያለው ሕዝብ ግን ከላይኛው ሰማይ የወረደ መብረቅ ነው፣ የሚስጥር መሣሪያ ነው እያለ ጻፈ። መርማሪዎቹ የካሜራው መንቀጥቀጥ ነው አሉ፤ ሌንሱ ክፍት ሆኖ ረዥም ጊዜ ሲያነሳ ትንሽ ቢነካ የሚሮጥ ብርሃን ይጠማዘዛል። ይህን መልስ ማመን ያቃተው ብዙ ነው። እኔም ብቻውን ቢሆን ባልረካሁበት ነበር። የሚያረካው ቀጥሎ የመጣው ነው።

በቴክሳስና በሉዊዚያና ጫካ ከ25,000 በላይ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ሆነው መሬቱን አሰሱ። በማርች አንድ የፍለጋ ሄሊኮፕተር ወድቆ ሁለት ሰዎች ሞቱ። የተለቀመው ከ84,000 ቁራጭ በላይ ነው፤ ያም ሆኖ ከመንኮራኩሯ ክብደት 38 በመቶ ያህል ብቻ። በዚያ ሁሉ መካከል ሁለት ካሴቶች ተገኙ።

የመጀመሪያው በፓለስታይን አካባቢ የተገኘ የቪዲዮ ካሴት ነው። 13 ደቂቃ ያህሉ ተርፎ ናሳ በፌብሩዋሪ መጨረሻ ለሕዝብ አሳየው። ጠፈርተኞቹ ጓንት ያጠልቃሉ፣ ይቀላለዳሉ፣ በመስኮቱ የሚታየውን ሮዝ ብርሃን ያደንቃሉ። 2፡48 ገደማ ሲደርስ ያበቃል። የቀረው ካሴት ተቃጥሏል። የት ደበቃችሁት ያሉ ነበሩ። ኮሎምቢያ ራሷ እንደ ወረቀት ተቀዳዳ ሳለ ካሴት መትረፉን ትቶ አለመሙላቱን የሚጠይቅ ሰው ምን ይባላል?

ሁለተኛው ማርች 19 በሄምፕሂል ከተማ አቅራቢያ የተገኘ የመረጃ መቅጃ ሳጥን ነው። ይህ ሳጥን የነበራት ኮሎምቢያ ብቻ ናት፤ የመጀመሪያዋ በመሆኗ ለሙከራ ብዙ መለኪያ ተተክሎባት ስለነበር። ከ60 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወድቆ ቴፑ ደህና ነበር። ተነበበ። በግራ ክንፍ የፊት ጠርዝ፣ ከዘጠነኛው ፓነል በስተጀርባ ያለው መለኪያ ከልማዱ ውጪ የሆነ ነገር የመዘገበው 2፡48 ከ39 ሴኮንድ ላይ ነው። ኮሎምቢያ ገና ፓስፊክ ላይ ነበረች። የሳን ፍራንሲስኮው ፎቶ ከመነሳቱ አራት ደቂቃ ከምናምን በፊት እሳቱ ክንፏ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። መብረቁ እውነት ቢሆን እንኳ ያገኘው የቆሰለችውን ነው።

ያም ሆኖ ናሳ ውስጥ ፎም እንዲህ ያደርጋል ብለው ማመን የከበዳቸው ነበሩ። ስለዚህ ሞከሩት። ጁላይ 7 ቀን ሳን አንቶኒዮ ውስጥ በጋዝ በሚሠራ መድፍ የዚያኑ ያህል ፎም፣ በዚያው ፍጥነት፣ ወደ ስምንተኛው የክንፍ ፓነል ተተኮሰ። ፓነሉ የተነቀለው ከአትላንቲስ ነው። ተመልካቹ ሁሉ ትንፋሹ ቆመ፤ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ የሰው ጭንቅላት የሚያሾልክ ቀዳዳ ተከፈተ። በዚህ ሙከራ ቪዲዮ ላይ ክርክር አልተነሳም።

የቦርዱ ዘገባ ኦገስት 26 ወጣ። ጥፋቱን ፎሙ ላይ ብቻ አልጣለም፤ የናሳን የአሠራር ባህልም እኩል ከሰሰ። የጦር ራዳር መረጃ እንደገና ሲታይ ደግሞ ከተነሳች በማግስቱ አንድ ነገር ከመንኮራኩሯ ተለይቶ ሲንሳፈፍ ተገኘ፤ የክንፉ ቁራጭ ሳይሆን አይቀርም። ራዳሩ ቀርጾት ነበር። ያን ቀን የተመለከተው አልነበረም።

በዚያው ፍለጋ ከራሞን የግል ማስታወሻ 37 ገጽ ያህል ወረቀት ተገኝቷል፤ እሳቱን፣ ውድቀቱን፣ ሁለት ወር ዝናቡን ችሎ። እስራኤል ውስጥ የፖሊስ ፎረንሲክ ባለሙያዎች ጭምር ደክመውበት ጽሑፉ ተነበበ። ኢየሩሳሌም ሙዚየም ውስጥ ለሕዝብ ሲቀርብ ዓመቱ 2008 ነበር። የሐሰተኛውን የሳተላይት ፎቶ ያህል የተቀባበለው ሰው ግን መኖሩን እጠራጠራለሁ።

በጁላይ 2005 በረራው ሲቀጥል መንኮራኩሮቹ በየጉዞው ሆዳቸውንና ክንፋቸውን በካሜራ እንዲያስፈትሹ ግዴታ ሆነ፤ ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሲጠጉ ተገልብጠው ፎቶ ይነሱ ነበር። የመጨረሻዋ ተጓዥ አትላንቲስ ጁላይ 21 ቀን 2011 ፍሎሪዳ አረፈች። በዚያው ክረምት ቴክሳስን ድርቅ መታት። የናኮግዶቸስ ሐይቅ ውኃ ሲጎድል፣ ከጭቃው ውስጥ አንድ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ ታንክ ብቅ አለ። ናሳ የኮሎምቢያ መሆኑን አረጋገጠ። ስምንት ዓመት እዚያው ነበር።